የባለቤቴ ስንዝር

ሰውዬው ወንበሬን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወደ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሲገባ፣ እኔ የሌላ ደንበኛ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር።

«ይቅርታ» አለ፤ «ትናንት ከወሰድኩት ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ይህን አገኘሁ። የሰው ንብረት ነው ብዬ ነው ያመጣሁት።»

ሁላችንም ዞረን አየን። ወንበሩ ከአውራ ጣት አይረዝምም። እግሮቹና መደገፊያው የክብሪት እንጨት ናቸው፤ መቀመጫው ከአሮጌ ክራቫት የተቆረጠ ጨርቅ ነው። አለቃችን ተቀብላው ወደ መብራቱ አስጠግታ አገላብጣ አየችው። አለቃችንን በሌለችበት «ሻለቃ» ነው የምንላት፤ ዝም ብላ ስትቆም እንኳ ሰልፍ የምታስተካክል ትመስላለች። ወንበሩን አይታ ስትጨርስ ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች።

«የማን ነው ይሄ?» አለች፣ መልሱን ከኔ በላይ እያወቀች።

«የኔ ነው።» ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አነሳሁ። «በሻይ ሰዓት ሙጫው እስኪደርቅልኝ ብዬ የሆነ ቦታ አስቀመጥኩት። ከዚያ የት እንዳኖርኩት ጠፋኝ።»

«የሆነ ቦታ! የሰው ኪስ ነው የሆነ ቦታ? ሌላው ልብስ ቤት የሸሚዝ ቁልፍ ይጥላል፤ እኛ የቤት ዕቃ እንጨምራለን። ነገ ደግሞ ቁም ሳጥን ጨምሪላቸው!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሰውዬው ግን አልሳቀም። «ቁም ሳጥንም አለ?» ብሎ ከልቡ ጠየቀኝ።

እኔ ሰውዬውን አውቀዋለሁ፤ እሱ ግን አያውቀኝም። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው። ከሥራ ስወጣ የምማርበት የአዋቂዎች ክፍል ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ስለሆነ፣ በጠረጴዛው ፊት አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው። ያን ቀን ግን አንገት መድፋት አላዋጣኝም፤ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ስለዚህ ነገርኩት። ትንሽ ቤት እየሠራሁ ነው አልኩት፤ ባለ አንድ ፎቅ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ውስጡ እንዲታይ ፊቱ ክፍት የሆነ። ግድግዳው ታጥፎ በሚታሸግ ሸሚዝ ውስጥ ከምናስገባው ካርቶን ነው፤ ተጣሞ የተጣለውን ሻለቃ ውሰጂው ብላኛለች። ሳህኖቹ የሸሚዝ ቁልፎች ናቸው። ባልዲው የጥርስ ሳሙና ክዳን ነው። ፍራሾቹን የሞላኋቸው ከማድረቂያው ማሽን ወንፊት ላይ በለቀምኩት ብናኝ ነው። አንዴ መናገር ከጀመርኩ አፌ አልዘጋ አለኝ።

ሰውዬው እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «በመንገድ በኩል ያለችውን የመስታወት ሳጥናችንን ያውቋታል?» አለኝ። «ቅዳሜ ባዶ ትሆናለች። ቤቱ ከደረሰልዎት ያምጡትና ወሩን ሙሉ እዚያ ይቁም። ካልደረሰ ግን ቦታውን ለቴምብር ሰብሳቢዎቹ ነው የምሰጠው፤ ሲለምኑኝ ከርመዋል።»

«ይደርሳል» አልኩ።

ይህን ያለው አፌ ነው። እኔ እንኳን ለቅዳሜ ቀጠሮ ልሰጥ፣ ከቤት ስወጣ ምድጃውን አጥፍቼው ይሆን ብዬ ከመንገድ የምመለስ ሰው ነኝ። የምጨነቅበት ነገር ባጣ እንኳ ለምን አጣሁ ብዬ እጨነቃለሁ። ግን ያቺን የመስታወት ሳጥን ፈለግኋት። የተኮስኩት ሸሚዝ ማታ ተሸብሽቦ ይመለሳል። ያበሰልኩት ይበላል፣ የወለወልኩት ወለል ላይ ሰው በጭቃ ጫማ ይሄድበታል። በእጄ ሠርቼው ሳይፈርስ ያደረ ነገር ያ ቤት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ፣ ወሩን ሙሉ፣ መንገደኛ ቆሞ ቢያየው አልኩ። ይኸው ነው።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ትንሹ ቤት የሚቀመጠው በመስኮቱና በአማቴ አልጋ መካከል ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። አማቴን እማማ እንላቸዋለን። ቀኑን ሙሉ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ትንሹን ቤት እንደ ጎረቤት ሲታዘቡት ይውላሉ።

«በልጅነትሽ ያልተጫወትሽውን ነው አሁን የምትጫወቺው?» አሉኝ፣ የቅዳሜውን ነገር ስነግራቸው።

«አዎ፣ እማማ።»

«እሺ ተጫወቺ። ድስቱን ብቻ አታሳርሪ።»

ከዚያም መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ቤቱ ውስጥ አጮለቁ። «ለመሆኑ ሰዎቹ ወደ ላይ የሚወጡት በምንድን ነው? በገመድ ነው?»

እውነታቸውን ነው። ደረጃ የለውም። ካርቶን አጥፌ ሞክሬ ነበር፤ ሙጫው ሲነካው እንደ ደከመው ሰው እየተንሸራተተ ይቀመጣል። ባለቤቴ አናጢ ነው፤ የበርና የመስኮት ክፈፍ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ቃል የሚወጣው እንደ ምስማር ተቆጥሮ ነው። ያን ማታ ሾርባ እያማሰልኩ ሳለ ከኋላዬ መጥቶ፣ «የምድር ቤቱ ቁመት ምን ያህል ነው?» አለኝ።

«አንድ ስንዝር» አልኩት። ማማሰሌን አላቆምኩም። ክፍሎቹን ሁሉ የለካሁት በእጄ ነው፤ ስንዝርና ጣት የትም ጥዬው የማልሄደው መለኪያ ነው። እሱም ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ወሬ ፈልጎ የጠየቀኝ መስሎኝ እኔም ረሳሁት።

በማግሥቱ ጉድ ፈላ። ከሥራ ስመለስ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶ፣ ትልቋ ልጄ ጫማዋን አውልቃ በመጥረጊያ ውኃ ወደ ውጭ ትገፋለች፤ ትንሿ፣ ምጥን የምንላት፣ ባልዲ ውስጥ ተቀምጣ ትቀዝፋለች፤ እማማ ከአልጋቸው ሆነው ለሁለቱም ትእዛዝ ይሰጣሉ። ቧንቧውን ባለቤቴ በጨርቅና በሽቦ አሠረው። ከዚያ ነው ካርቶኖቼ ትዝ ያሉኝ። ለጣራው ብዬ ያስቀመጥኳቸው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ነበር። ከረጢቱን ስከፍተው ሊጥ ሆነው ጠበቁኝ።

«ጣራሽ ፈሰሰ» አሉ እማማ። «ሰው ጣራው ያፈስበታል እንጂ ጣራው ራሱ ሲፈስ አይቼ አላውቅም።»

ሆድ ባሰኝ። ያኔ አላለቀስኩም፤ ግን በነጋታው ሥራ ቦታ ፊቴን ያየ ሁሉ ሰው የሞተብኝ ነው የመሰለው። ሻለቃ ምን ሆንሽ አላለችኝም። ከሰዓት በኋላ አንድ እቅፍ የተጣመመ ካርቶን አምጥታ ቦርሳዬ አጠገብ ወርወር አደረገችው። «ይሄን ከዚህ አንሺልኝ» አለች፣ ወደ ሌላ ቦታ እያየች። «መንገድ ዘጋ።» መንገዱ ላይ ምንም አልነበረም።

በዚያ ካርቶን ጣራውን እንደገና ጀመርኩ። በቢላዋ ጀርባ መስመር መስመር እየሰጠሁት ቆርቆሮ ሲመስልልኝ ደስታዬን አትጠይቁኝ። ማንጎራጎር ጀምሬ ነበር። በቤቴ እኔ ሳንጎራጉር የሆነ ነገር መሆኑ አይቀርም። ምጥን አጠገቤ መጥታ ቆመች። አፍንጫዋን ይዛለች።

«እማ፣ ገባ።»

«ምኑ?»

«የጓዳው።»

ወደ ትንሹ ቤት ዞርኩ። የጓዳው በር ላይ የነበረችው እጀታ፣ ማለትም ቢጫ ዶቃዋ፣ የለችም።

ከዚያ በኋላ እንዴት ጤና ጣቢያ እንደደረስን ትልቋ ልጄ ናት የምታውቀው። አንድ እግሬ ላይ ነጠላ ጫማ፣ አንዱ ላይ የባለቤቴን ጫማ አድርጌ እንደሄድኩ የነገረችኝ እሷ ናት። ነርሷ ጠና ያለች፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች።

«ምን ገባባት?»

«የበር እጀታ» አልኩ።

ነርሷ ልጄን አየች። አፍንጫዋን አየች። ተመልሳ እኔን አየች። «የምን በር?»

«የጓዳ በር። ገና ትናንት ነው የገጠምኩት።»

«እናቴ ደንግጣ ነው» አለች ትልቋ፣ ቶሎ ብላ። «ትንሽ ቤት ነው፤ በሩም ትንሽ ነው፤ እጀታው ዶቃ ነው።»

ነርሷ ለረጅም ጊዜ ያቆየችውን ትንፋሽ ለቀቀች። «በይ ነይ፣ እናት። በመሣሪያ ከመሞከራችን በፊት አንቺ ትሞክሪያለሽ። ባዶውን ቀዳዳ በጣትሽ ዝጊው፤ አፍሽን አፏ ላይ ግጠሚና አንዴ በደንብ ንፊ። እየሳምሻት ነው በያት።»

ሳምኳት። ነፋሁ። ዶቃዋ ከአፍንጫዋ ተስፈንጥራ የነርሷ ጫማ ላይ አረፈች።

«በሩ ተከፈተ!» አለች ምጥን። ያን ያህል ሰው ሲስቅላት የመጀመሪያዋ ስለሆነ ሌላ ዶቃ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ግን አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ሐሳቤ ተቆርጦ ነበር። ራት ላይ ሁሉም በተሰበሰበበት ተናገርኩ።

«ቤቱን ትቼዋለሁ። ነገ አውጥቼ ለፈለገው እሰጠዋለሁ። መስታወት ሳጥን ለኔ ብጤ አይደለም፤ ልጄን ልገድላት ነበር።»

ትልቋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ባለቤቴ ተነስቶ ወጣ። የተቆጣ መሰለኝ። ወዲያው ግን የሥራ ካፖርቱን እንደ ሕፃን አቅፎ ተመለሰና ፊቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ገለጥኩት።

ደረጃ ነው። የእንጨት ደረጃ። እያንዳንዱ እርከን ጠርዙ ተሞርዶ ለስልሷል። መደገፊያው የቆመባቸው ዘንጎች የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨቶች ናቸው፤ ግን መሐላቸው ወፈር፣ ጫፋቸው ቀጠን እንዲል አንድ በአንድ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቀዋል። ከታች፣ ሰው እጁን መጀመሪያ በሚያሳርፍበት ቦታ፣ መደገፊያው እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቅልሎ ያልቃል። ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል።

«በምሳ ሰዓት ነው የሠራሁት» አለ። «ፎርማኑ እንዳያየኝ ከበሩ ጀርባ ሆኜ።»

የተናገርኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ይህ ሰው ትንሹን ቤት አንድም ቀን ጥሩ ነው ብሎኝ አያውቅም። መጥፎ ነውም ብሎኝ አያውቅም። ከበሩ ጀርባ ቆሞ፣ በእነዚያ ወፋፍራም ጣቶቹ፣ ምሳውን ትቶ የጥርስ መጎርጎሪያ ሲፍቅ ታየኝና አንጀቴን በላኝ።

«ግጠሚዋ!» አለች ትልቋ።

ገጠምኩት። ደረጃው ከምድር ቤቱ ወለል ተነስቶ፣ በኮርኒሱ ላይ በተውኩት ቀዳዳ አልፎ፣ የላይኛውን ወለል ትቶ፣ ሦስት ጣት ያህል ወደ ላይ ቀጥሎ ቆመ።

«ሰውዬው መኝታ ቤቱን አልፎ ሊሄድ ነው» አሉ እማማ።

«አንድ ስንዝር ብለሽኛል» አለ ባለቤቴ።

«አንድ ስንዝር ነው።»

«እኔም የሠራሁት አንድ ስንዝር ነው።»

ያን ጊዜ ነው እጁን ያየሁት። የኔን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት፤ እሱም አጠገቤ ዘረጋ። ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት የኔ እጅ በሚያልቅበት የሱ ገና መንገድ ላይ ነው።

«አንተ!» አልኩት። «ሜትር በወገብህ ታጥቀህ እየዋልክ?»

«አንቺ በስንዝር ስለነገርሽኝ ነዋ። በሜትር ብትነግሪኝ በሜትር እለካ ነበር።»

«ጉዴን እዩልኝ!» አሉ እማማ። «ሜትር ታጥቆ በስንዝር የሚለካ አናጢ ወለድኩ!»

መጀመሪያ የሳቀችው ትልቋ ናት። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ ምጥን ለምን እንደምንስቅ ሳታውቅ ከሁላችን በላይ ጮኸች። ባለቤቴም ሳቀ። ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። «ከታች ቆርጠሽ ጣይውና ይስተካከላል» አለኝ፣ ግድግዳውን እያየ። «እንጨት ነው እኮ።»

ቤቱን ትቼዋለሁ ያልኩት ነገር ዳግም አልተነሳም። ማንም አላስታወሰኝም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም። የጓዳውን እጀታ ግን ያን ዕለት ዶቃዋን መልሼ ሳልገጥም በሩ ላይ በቀለም ሣልኩት።

ሐሙስ ከሥራ እንደተመለስኩ ትንሿን መጋዝ ይዤ ደረጃው ፊት ተቀመጥኩ። ከታች ብቆርጠው ያ የተጠቀለለው መደገፊያ ይሄዳል። ከላይ ብቆርጠው ሰው የሚያርፍባት የመጨረሻ እርከን ትሄዳለች። በእርሳስ መስመር አሰመርኩ። መጋዙን መስመሩ ላይ አሳረፍኩ። እጄ አልንቀሳቀስ አለኝ።

ደረጃውን ጭራሽ ብተወውስ? ቀዳዳውን በምንጣፍ ብሸፍነው፣ ቤቱ ከነልኩ አለ፤ ቅዳሜ በሰዓቱ ይደርሳል፤ መንገደኛ ደረጃ የለውም ብሎ አይከሰኝም። ለኔ ብጤ ፈሪ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ግን ባለቤቴ በመስታወቱ በኩል አጎንብሶ ሲያይ፣ ምንጣፉን ሲያይ፣ ዝም ብሎ ቀና ሲል ታየኝ። እሱ እንደሆነ አይናገርም። አለመናገሩን ነው ያልቻልኩት።

«ደረጃው ለቤቱ ካልሆነ ቤቱ ለደረጃው ይሁን» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ምን አልሽ?» አሉ እማማ።

«ቤቱን ወገቡ ላይ ቆርጬ ከፍ አደርገዋለሁ።»

«ያን ሁሉ ወር የሠራሽውን? ለከነገ ወዲያ?»

«አዎ።»

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ» አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፤ ግን ዓይናቸውን ከኔ ላይ አላነሱም።

አርብ ጠዋት ሻለቃን ከሰዓት ፈቃድ ጠየቅኋት።

«ለምን?»

«ቤቴን ልቆርጥ።»

ካውያዋን አስቀመጠች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ምላጩ አዲስ ይሁን» አለች፤ «በደነዘዘ ምላጭ ቀጥ ያለ ነገር አይቆረጥም። አሁን ከዓይኔ ጥፊ።»

ትልቋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱን እሷ በሁለት እጇ ደግፋ፣ እኔ ዙሪያውን መቁረጥ ጀመርኩ። ሁለቱ ግድግዳዎች እንደ ቅቤ ተቆረጡ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ የጎረቤት በር ድው ብሎ ተዘጋ፤ እኔም ደንግጬ እጄ ሾለከ፤ ማዕዘኑ ከላይ እስከ መስኮቱ ተቀደደ። የላይኛው ፎቅ በልጄ እጅ ላይ፣ የታችኛው ጠረጴዛው ላይ፣ ማዕዘኑ እንደ ተቀደደ ደብዳቤ ተንጠልጥሏል፤ ነገ ቅዳሜ ነው።

«እማዬ፣ አታልቅሺ፤ እጄ እየዛለ ነው» አለች ትልቋ።

ለማልቀስም ጊዜ አልነበረኝም። ከወፍራም ካርቶን ሦስት ጣት ስፋት ያለው ቀበቶ ቆርጬ በሁለቱ ፎቆች መካከል ዙሪያውን አጣበቅሁ። ቤቱ ቆመ። ደረጃውን አስገባሁት፤ የላይኛው እርከን ከላይኛው ወለል ጋር እኩል ሆነ። እኩል! ጣቴን አሳለፍኩበት፤ ምንም አላደናቀፈኝም። ነገር ግን ያ ቀበቶ ነጭ ግድግዳ ላይ እንደ ታሰረ ፋሻ ነው የሚታየው፤ የተቀደደው ማዕዘንም ቁስሉ ያው ክፍት ነው።

«ድንጋይ አልብሺው» አሉ እማማ።

«ከየት አምጥቼ ነው ድንጋይ?»

ከአልጋቸው ወርደው እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ብዙ የመሰባበር ድምፅ ሰማሁ። ተመልሰው ሲመጡ የእንቁላል ካርቶኖች ታቅፈዋል።

«እንቁላሎቹስ?» አልኳቸው።

«ሳህን ውስጥ ናቸው። ዛሬም ነገም እንቁላል ነው የምንበላው፤ ማንም እንዳያጉረመርም።»

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያን ግራጫ ካርቶን በጥፍራቸው እየቦጨቁ፣ ጠርዙን በጣታቸው እየጠቀለሉ ድንጋይ ይጠርቡልኝ ጀመር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጣታቸው ግን አይሳሳትም። «ትልልቁን ማዕዘኑ ላይ አድርጊ። መጋጠሚያው በመጋጠሚያው ላይ አይምጣ» እያሉ ያዙኛል። በሻይ ውኃ አቅልመን ለጠፍነው። ቁስሉም ፋሻውም ጠፋ፤ ቆርቆሮ የመሰለውንም ጣራ ጨርሼ ከላይ ደፋሁት። ቤቱ ድሮውንም ባለ ድንጋይ ቀበቶ ተብሎ የታሰበ መሰለ።

እማማ ራቅ ብለው አዩት። «እንቁላል በእግሩ ሲሄድ አላየሁም» አሉ፤ «ካርቶኑ ግን ግንብ ሲሆን ይኸው አየሁ።» እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ቤቱ ያሉት ትልቁ ምስጋና ይህ ነው። ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ ደረጃውን ከነመደገፊያው በቦታው ቆሞ አገኘው። አጎነበሰ፤ አየ፤ ቀና አለ። ከዚያ እንቁላሉን ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ያልተቀባ በር ከሥራ ቦታው ተውሶ መጣ። ቤቱን በሩ ላይ አስቀምጠን፣ አንሶላ ሸፍነን፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ተሸክመን ወጣን። ቀስ ያለ ጉዞ ነበር። መንገድ ላይ ሰው ዞር እያለ ያሳልፈናል። አንዲት ሴትዮ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ነፍስ ይማር» አለችን።

«አሜን» አለ ባለቤቴ። ሳቄ ቤቱን እንዳያስጥለኝ ከንፈሬን ነከስኩ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በሩን በሰፊው ከፍቶ ጠበቀን። አንሶላውን ስገልጠው መነጽሩን አውልቆ ወለወለና እንደገና አደረገ። «ደረጃው!» አለ። ባለቤቴ ጫማውን አየ።

ከዚያ የመስታወት ሳጥኗን ከፈተ። ቤቱን ወደ ሳጥኗ አስጠጋነው። ምድር ቤቱ ገባ፤ የድንጋይ ቀበቶው ገባ፤ ጣራው ግን የሳጥኗን አናት ገጭቶ ቆመ። ያን ጊዜ ባለቤቴ ሜትሩን ከወገቡ መዘዘ። ለካ፤ ደግሞ ለካ። «ሦስት ጣት» አለ በቀስታ።

ከፍ ያደረግኩት ያንኑ ሦስት ጣት ነው። ባልነካው ኖሮ ልክክ ይል ነበር።

በሩ ላይ ሁለት አዛውንት አልበሞቻቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። ቴምብር ሰብሳቢዎቹ ናቸው። አንገታቸውን አስረዝመው ሳጥኗን ያያሉ፤ ያዘኑልኝ ለመምሰል ይሞክራሉ፤ ዓይናቸው ግን ይስቃል።

«ጣራውን አንስተን ብናስቀምጠውስ?» አለ ኃላፊው።

«ጣራ የሌለው ቤት?» አልኩ።

ሰውዬው አገጩን አከከ። «ሌላ ቦታ አለ። የልጆች ማንበቢያ ክፍል መሐል ትልቁ ጠረጴዛ። ከአራቱም ማዕዘን ይታያል። ብቻ...» አለና አየኝ። «መስታወት የለውም። ልጆች ናቸው፤ አትንኩ ብንል አይሰሙንም።»

በበሩ ወደ ክፍሉ አየሁ። ቅዳሜ ስለሆነ ሞልቷል። እጅ ብቻ ነው የታየኝ፤ የሚያጣብቅ እጅ፣ የሚጎትት እጅ፣ አፍ ውስጥ ገብቶ የወጣ እጅ። የቁልፍ ሳህኖቼን አሰብኩ። የባለቤቴን ደረጃ፣ እንደ መርፌ የቀጠኑትን ዘንጎች አሰብኩ። ወደ ቤት ይዤው ብመለስ ማንም አይፈርድብኝም። እዚያ መስኮቱ ሥር፣ በእማማ ጥበቃ፣ ሳይፈርስ ዕድሜ ልኩን ይኖራል።

«አንቺ ታውቂያለሽ» አለ ባለቤቴ። ከዚያም፣ ቃል የማይወጣው ሰው፣ ጨመረ፦ «ከፈረሰ ሌላ እሠራለሁ።»

«ጠረጴዛው ላይ ይሁን» አልኩ።

መሐል ላይ አስቀመጥነው። ልጆቹ መጀመሪያ ራቅ ብለው ከበቡት። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ከሁሉም ቀድማ ተጠጋች። እጇን አነሳች። እኔ ወደ ፊት ልራመድ ስል ራሴን ያዝኩና እጆቼን ከጀርባዬ አጣመርኳቸው። ልጅቷ ምንም አልያዘችም። ሁለት ጣቷን እንደ እግር አድርጋ ከደረጃው ሥር አቆመችና፣ በአፏ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለች መውጣት ጀመረች። እርከኑ ለጣቷ ልክ ነበር። በኔ ስንዝር ቢሠራ ኖሮ ይጠባት ነበር። ላይ ስትደርስ አረፈች፤ ዞራ ወረደች፤ እንደገና ወጣች።

«ተራ! ተራ!» ተባለ ከኋላዋ።

ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሜትሩን ከፈተ፤ ዘጋ፤ ከፈተ፤ ዘጋ።

ወደ ቀትር ገደማ አንድ ሕፃን ከላይኛው ፎቅ ሰገነት ላይ የነበረውን የክብሪት እንጨት አጥር ሰበረ። ቀጭ ሲል ሰማሁት፤ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ጥርሷ የወለቀችው ልጅ የሰበረችው እሷ የሆነች ያህል ዓይኗ እንባ ሞላ። ከቦርሳዬ ሙጫዬን አወጣሁ፤ ጠረጴዛው አጠገብ የልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን እስኪነካ፣ ተቀመጥኩ።

«ነይ፣ እዚህ ጋ ያዢልኝ» አልኳት። «አትጫኚው። እንዲሁ፣ እንደ ቢራቢሮ።»

ያዘችልኝ። ትንፋሿን ሁሉ ይዛ ያዘችልኝ። ሙጫው ሲደርቅ ጣቷን ቀስ ብላ አነሳች፤ አጥሩ ቆመ።

«ነገም እዚህ ነው?» አለችኝ።

«ነገም» አልኳት።